የሐይቁ ዳርቻ ሰከላ ላይ ይጀምራል

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ተነሥቶ ባሕር ዳር የሚዝናና ሰው ጣናን አይቶ ይመለሳል። ጣናን የሚመግበውን አገር ግን በመኪና መስኮት ያልፈዋል።

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በማለዳ የወጣ ሚኒባስ ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ይገባል። ከዚያ ጥሊሊን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን ወደ ኋላ እየተወ ወደ ሰሜን ያቀናል። ተሳፋሪው ብዙ ዓይነት ነው። ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ ክልል ቢሮ የሚሄድ አለ፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ የሚሄድ አለ፤ ታማሚ ይዞ ወደ ሆስፒታል የሚጣደፍ አለ፤ ሰርጉን ደግሶ ሲያበቃ ሐይቅ ዳር ፎቶ ሊነሣ የሚሄድ ሙሽራም አይጠፋም። ጉዳዩ ቢለያይም ጊዜ የተረፈው ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ ሐይቁ ዳር ሄዶ ይቀመጣል። ለምዕራብ ጎጃም ሰው ባሕር ዳር የቅርቧ ወደብ፣ ዳርቻውም የቅርቡ መናፈሻ ነው። ቡሬ ላይ በርበሬውን፣ ጃቢ ጠህናን ላይ በቆሎውን ሸጦ እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ የተረፈው ሰው ቤተሰቡን «ወጣ አድርጌ ላምጣ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ይህችን ከተማ ነው።

ዱርቤቴ ታልፎ ወተት ዓባይ ሲደረስ መንገዱ ድልድይ ይሻገራል። በሐምሌ ከሥሩ የሚወርደው ውሃ የጭቃ ቀለም ይዞ ቁጥቋጦና ግንድ እያንገላታ ያልፋል። በሚያዝያ ድንጋዮቹ ራቁታቸውን ይወጡና ውሃው በመካከላቸው ይሾልካል። ሚኒባሱ ለዚህ ድልድይ ብሎ ፍጥነት አይቀንስም። ረዳቱ የመራዊ ወራጅ እንዳለ ይጠይቃል፣ ተሳፋሪው ስልኩን ይጎረጉራል፣ ወንዙ ከኋላ ይቀራል። ይህ ወንዝ ግልገል ዓባይ ነው፤ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ። ያ ተሳፋሪ ባሕር ዳር ደርሶ ቡናውን እየጠጣ ከሚመለከተው ውሃ ትልቅ ድርሻ የመጣው በዚህ ድልድይ ሥር ነው።

ነገሩ ከዚህ ይነሣል። ባሕር ዳርን መጎብኘት ማለት የአንድን ረጅም ሥራ የመጨረሻ ውጤት ማየት ነው። ሥራው የሚሠራው በሰከላ፣ በሜጫና በአዊ ተራሮች ነው፤ ሠሪዎቹም ገበሬዎች፣ መነኮሳትና ዝናብ ናቸው። ዳርቻውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጎብኚ ግማሹን ጎብኝቷል። ዳርቻዋን ብቻ የምታስውብ ከተማ ደግሞ የቤቷን በረንዳ እየቀባች ጣሪያውን እንደረሳች ባለቤት ትሆናለች።

ወደቡና ዳርቻው

ባሕር ዳር ወደብ ናት ሲባል ፈገግ የሚል አለ። ወደብ ሲባል ምጽዋ፣ አሰብና ጅቡቲ ለሚታወሰው ትውልድ የሐይቅ ወደብ ጨዋታ ይመስለዋል። ግን ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከአገሪቱ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ውሃ ነው። ባሕር ዳር በደቡብ፣ ጎርጎራ በሰሜን ሆነው ይተያያሉ። በመካከላቸው ደቅ፣ ዘጌና ቁንዝላ የመሳሰሉት መሬቶች ከከተማው ጋር የሚገናኙት በዋናነት በጀልባና በመርከብ ሆኖ ኖሯል። የሞተር ጀልባ በሐይቁ ላይ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ነገደ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሯት ታንኳ እህልም፣ እንጨትም፣ ሰውም አመላልሳለች። ዛሬም ማለዳ ላይ ከዳርቻው የሚታየው ሕይወት ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ነው። አንድ ጥግ ላይ ጎብኚ የሚጠብቁ ባለ ሸራ ጀልባዎች ተደርድረዋል፤ ከነሱ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ታንኳው ላይ ተቀምጦ መረቡን ያነሣል።

ዳርቻው ግን ብዙ ሰው በቴሌቪዥን እንደሚያውቀው የአሸዋ ዳርቻ አይደለም። ድንጋይ፣ ደንገልና የዋርካ ጥላ ነው። ገብቶ መዋኘትም አይመከርም፤ ቢልሃርዚያ አለ፤ ከሐይቁ ዓባይ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ስለዚህ የባሕር ዳር ደስታ በዋናነት የመቀመጥና የማየት ደስታ ነው። ጎብኚው በዘንባባ ጥላ ሥር ይንሸራሸራል፤ ዓሣ ለብለብ ወይም ጉላሽ ያዛል፤ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አጠገብ ዓባይ ሲጠማዘዝ ይመለከታል። ግንቦት 2016 ላይ የተመረቀውን 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ቆሞ ያያል። ጊዜ ካለው ጀልባ ተከራይቶ ወደ ዘጌ ይሻገራል፤ ወይም ወንድ ከሆነ ክብራን ገብርኤልን ይሳለማል፤ ሴቶች እንጦንስ ኢየሱስን ሊያዩ ይችላሉ። ጥቂቶች ራቅ ብለው እስከ ዳጋ እስጢፋኖስ ይሄዳሉ፤ እዚያ የአፄ ዘርአ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አስከሬን ያለበትን ገዳም ያያሉ። ሌሎች ደግሞ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወርደው ይመለሳሉ።

ከእነዚህ ቦታዎች መካከል ብዙ ነገር የምታስተምረው ዘጌ ናት። ከጀልባ ወርዶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣ ሰው በጥላ ውስጥ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከቡናው በላይ ትልልቅ የአገር ዛፎች ተዘርግተዋል። ጎብኚው ይህን «ተፈጥሮ» ብሎ ይጠራዋል፤ ዘጌዎች ግን ከዚያ የበለጠ ያውቃሉ። በባሕረ ገብ መሬቷ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ትውፊቱ ክልከላውን ከገዳሙ መሥራች አባቶች ጋር ያያይዘዋል። ሰው የሚኖረው በቡና፣ በፍራፍሬና በጌሾ ነው። ደኑ የቀረው ማንም ስላልነካው ሳይሆን ሰው ሕግ አውጥቶ፣ እምነት ጨምሮበት ለዘመናት ስለጠበቀው ነው። ከሐይቁ ዳር ቦታዎች በጣም የሚያምረው ሞፈር ያልገባበት መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። የዳርቻው ውበት መሬት አያያዝ ውስጥ ነው የሚለው ሐሳብ ዘጌ ላይ በዓይን ይታያል።

> የዘጌ ደን የቀረው ማንም ስላልነካው አይደለም፤ ሰው ለዘመናት ስለጠበቀው ነው።

ከግሽ እስከ ወደቡ

ከቡሬ መንገድ ላይ ጥሊሊ ሲደረስ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሰከላ የሚገነጠል መንገድ አለ። ሽቅብ እየወጣ ብርዱ ይጨምራል፤ ጤፉና በቆሎው ለገብስና ለድንች ቦታ ይለቃሉ። በዚያ ከፍታ ላይ በግሽ ተራራ ግርጌ ያለው ምንጭ የግልገል ዓባይ መነሻ ነው። ለዘመናት የናይልን ምንጭ ሲፈልጉ የኖሩ አውሮፓውያን የመጡት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ ደርሶ አይቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ ደርሶ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ለዓለም አውጇል። የጎጃም ሰው ግን ቦታውን ለማወቅ አሳሽ አላስፈለገውም። በአቡነ ዘርአ ብሩክ ስም የሚከበረው ገዳም፣ በጥር ወር የሚውለው በዓልና ጠበሉ ቦታውን ከብዙ አገር የሚመጣ ሰው የሚገናኝበት አድርገውታል። ጻድቁ የጸሎት መጻሕፍቱን ለምንጩ አደራ ሰጥቶ ከዓመታት በኋላ ሳይረጥቡ ተቀበላቸው የሚለውን ታሪክ የማያውቅ ምዕመን በአካባቢው የለም። ወደ ጠበሉ የሚቀርበው ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ሳይበላ ነው፤ ሲመለስም በጀሪካን ጠበል ይዞ ነው።

ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል። ለመዝናናት ሲል ወደ ሐይቁ የሚወርደው የዛሬው ጎጃሜ፣ ለእምነት ሲል ደግሞ ወደ ምንጩ ሲወጣ ኖሯል። ሁለቱም ጉዞዎች የአንድ ውሃ ጉዞ ናቸው፤ ግን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንኳ አልተገናኙም። ተሳላሚው ምንጩን ሲያስብ ቅድስናውን ያስባል፤ ሽርሽረኛው ሐይቁን ሲያስብ ንፋሱንና ዓሣውን ያስባል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው አባባል ለነገር እንጂ ለውሃ የተባለ አይመስለንም።

የመሬቱ አቀማመጥ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያስደንቃል። ሰከላ የውሃ መከፋፈያ ናት። ወደ ሰሜን የሚወርደው ውሃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል። ወደ ደቡብ የሚወርደው ግን ከሐይቁ ጋር አይገናኝም፤ ፍኖተ ሰላም አጠገብ የሚያልፈው ላህ ከብር ወንዝ ጋር ሆኖ፣ የቡሬው ፈጣም ደግሞ በራሱ መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ጣና የገባው ውሃ ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ሆኖ ይወጣል፤ በምሥራቅ ዞሮ፣ ጎጃምን አቅፎ፣ ከቡሬ ደቡብ ባለው በረሃ ከነዚሁ ወንዞች ጋር ይገናኛል። ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ የሚወርድ ሰው የሚሻገረው ያንኑ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ያየውን ውሃ ነው። ጎጃም ለሐይቁ ሩቅ አገር አይደለም፤ በላይም በታችም ይዞታል። ስለዚህ የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ነዋሪ ስለ ጣና መጨነቁ የባሕር ዳርን ሥራ መሥራት አይሆንበትም፤ ወንዞቹ ሁሉ መጨረሻቸው አንድ ነውና።

ከውሃው ጋር የሚመጣው

ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም። ጥልቀቱ በጣም ወረደ በተባለበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። ጥልቀቱ እንዲህ ያነሰ ሐይቅ ላይ የሚገባ አፈር ሁሉ ይታወቃል። በክረምት ከተራራው የሚታጠበው አፈር በወንዞቹ አፍ ላይ ይከማቻል፤ በግልገል ዓባይ መግቢያ ላይ መሬቱ ወደ ሐይቁ እየገፋ መሄዱን በዓመታት ልዩነት የተነሡ የሳተላይት ፎቶዎች ያሳያሉ። ጀልባ ነጂዎች ይህን በሌላ ቋንቋ ያውቁታል፤ ዱሮ ሞተር ሳይነካ የሚያልፉበት ቦታ ዛሬ በጥንቃቄ የሚታለፍ ሆኗል ይላሉ። አፈሩ ብቻውን አይመጣም፤ የማሳው ማዳበሪያም አብሮት ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ የታየው የእምቦጭ አረም የሚመገበው እንዲህ ያለውን ነው።

ዓሣው ደግሞ ሌላ ምስክር ነው። ባሕር ዳር ጎብኚ ከሚያዝዛቸው ዓሣዎች መካከል ከዓለም በጣና ብቻ የሚገኙ ብዙ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወንዞቹን ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ቦታ ነው። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው ወይም ወንዙ ላይ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ከተበተነ ዓሣው ገና ሳይወለድ ያልቃል። ሳህን ላይ የቀረበው ዓሣ ባሕር ዳር ተጠብሶ ይሆናል፤ የተወለደው ግን ገጠር ወንዝ ውስጥ ነው። ዓሣ አጥማጆች የወንዞቹን አፍ በመረብ መዝጋት ጥፋት እንደሆነ ቢያውቁም፣ በዚያ ወቅት ዓሣው በብዛት የሚገኘው እዚያ ነውና ፈተናው ቀላል አይደለም።

ጢስ ዓባይ ደግሞ የውሃ ውበት በሌላ ቦታ በሚወሰን ውሳኔ እንደሚመጣና እንደሚሄድ በግልጽ ያሳያል። በበጋ ወራት ፏፏቴውን ሊያይ የወረደ ሰው «ፎቶ ላይ ያየሁት የት ሄደ?» ማለቱ የተለመደ ነው። ውሃው የሄደበት ግን ይታወቃል። ከሐይቁ መውጫ ላይ በ1988 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብ የሚወጣውን ውሃ ይቆጣጠራል፤ ግንቦት 2002 ላይ ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ደግሞ ትልቁን ድርሻ በዋሻ አድርጎ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። ኃይሉ ያስፈልጋል፤ ፏፏቴውም ያሳዝናል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ከፍታ ወርዶ የጀልባና የመርከብ ጉዞ ሲስተጓጎል፣ ውሃው ከተወው ዳርቻ ላይ በሬ ጠምደው ያረሱ ነበሩ። ያኔ ሁሉም ያየው አንድ ነገር ነው፤ ወደቡን ወደብ የሚያደርገው ከላይ የሚመጣውና ከታች የሚለቀቀው ውሃ ሚዛን ነው።

> ሳህን ላይ የቀረበው ዓሣ ባሕር ዳር ተጠብሶ ይሆናል፤ የተወለደው ግን ገጠር ወንዝ ውስጥ ነው።

የነጻ አገልግሎት

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ጊዜ በሰከላ፣ በቋሪትና በአካባቢው ወረዳዎች ገበሬው አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል። የተፋሰስ ልማት ይሉታል። ሰላም በነበረባቸው ዓመታት በየዓመቱ ለሳምንታት የሚቆይ፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ ነው። ተዳፋቱ ላይ እርከን ይሠራል፤ ቦዩ ይቆፈራል፤ ከእርከኑ ጫፍ ላይ ሣር ወይም ችግኝ ይተከላል። በደንብ የተሠራ እርከን ያየ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ባለሙያ መሆን የለበትም፤ አንድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከላይኛው ማሳ የታጠበው አፈር ከእርከኑ ጀርባ ተከማችቶ ይታያል። ወደ ሰሜን በሚያዘነብለው ተዳፋት ያለው አፈር ካልታገደ የሚሄድበት ሐይቁ ነው። አንዳንዱ ገበሬ ሥራውን ይወደዋል፤ ማሳው ሲጠነክርለት አይቷል። አንዳንዱ ደግሞ ያጉረመርማል፤ እርከኑ መሬቱን ያጠብበዋል፣ አይጥ ይሸሸግበታል፣ የተሠራውም ሳይጠገን ይፈርሳል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ደግሞ ሌላ መልክ ያለው ነገር ተፈጥሯል። ከሰል የሚወጣው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ለዓመታት የገበሬውን ማሳ ሞልቶት ቆይቷል። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፣ ዛፉ ሲደርስ ቆርጦ ያከስለዋል፣ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። አሲዳማ የነበረ መሬት ዛፉ ከቆመበት በኋላ የተሻለ እህል እንደሚሰጥ ብዙዎች ይመሰክራሉ። ማንም ያላዘዘው፣ ገበሬው ራሱ ያገኘው ዘዴ ነው፤ በዚያ ወረዳ ዛፉን አበዛው እንጂ አላመነመነውም። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ዝገት መሰል በሽታ መትቶታል፤ ነገር ግን ትምህርቱ ቀርቷል፤ ገበሬ ገቢ የሚያገኝበትን ዛፍ በራሱ ፈቃድ ይተክላል፤ ይጠብቀዋልም።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ያ አፈር ተራራ ላይ ቢቀር የሚጠቀመው ማን ነው? ገበሬው ይጠቀማል፤ ግን ብቻውን አይደለም። ባለ ሆቴሉ፣ ባለ ጀልባው፣ ዓሣ ነጋዴውና መብራት የሚያመነጨው ድርጅት ሁሉ ይጠቀማሉ። ከእነዚህ መካከል ለእርከኑ አንድ ቀን አካፋ ያነሣ ወይም አንድ ብር ያወጣ ጥቂት ነው። በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተራራማው የካትስኪል አካባቢ ነዋሪዎች ጋር ተስማምታ፣ ውድ የውሃ ማጣሪያ ከመሥራት ይልቅ የላይኛው ተፋሰስ ንጽሕና እንዲጠበቅ ገንዘብ መክፈልን መርጣለች። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶም እንደ እኛ ደጋ ላይ ያለች ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከውሃ ተጠቃሚው የሚሰበሰብ ፈንድ አቋቁማ ምንጮቿን ታስጠብቃለች። ሁለቱም ለተራራው የከፈሉት በደግነት አይደለም፤ ርካሹ መንገድ እሱ ሆኖ ስላገኙት ነው።

«ሰው ሲዝናና ትምህርት አትስጡት»

ጎብኚው ከዳርቻው ባሻገር ተራራውን ይወቅ፣ ለተራራውም ሥራ ይከፈል የሚለውን ሐሳብ ሲሰሙ የሚቃወሙ አሉ፤ ተቃውሟቸውም መልስ ይገባዋል። የመጀመሪያዎቹ አስጎብኚዎችና ባለ ሆቴሎች ናቸው። ሰው ዳርቻ የሚመጣው አእምሮውን ሊያሳርፍ ነው፤ ስለ ደለልና ስለ እርከን ስብከት ከሰማ ሌላ ጊዜ ሐዋሳ ይሄዳል ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ጎብኚን በወቀሳ ማባረር ሞኝነት ነው። ነገር ግን ያ ጎብኚ ጢስ ዓባይ ወርዶ ውሃ ሲያጣ የሚያዝነው፣ ጀልባው ደለል ላይ ሲነካካ የሚጠይቀው ምክንያቱን ስለማያውቅ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ጎብኚ ጉጉቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዘጌ የሄደ ሰው ቡናው ለምን በዛፍ ጥላ ሥር እንደበቀለ ሲነገረው አይሰለችም፤ ያንን ታሪክ ሊሰማ ነው የሄደው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገጠሩ ወገን ይመጣል፤ እሱም ይበልጥ ከባድ ነው። የሐይቁን ችግር ለምን በጎጃም ገበሬ ላይ ታደርጋላችሁ? እምቦጩ የበዛው በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው፤ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ጉማራና ርብ፣ ከጎንደር የሚመጣው መገጭ አፈር ያመጣሉ፤ ከተማው ራሱ ደግሞ ፍሳሹን ሐይቁ ውስጥ ይለቃል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ሐይቁን የጎዳው አንድ ወገን አይደለም፤ የገበሬውን ትከሻ ብቻ መጫንም ፍትሕ አይሆንም። ግን ይህ ጽሑፍ ገበሬውን አልከሰሰም፤ ለሠራው ሥራ ዋጋ ይሰጠው ነው ያለው። የጉማራውም የርቡም ገበሬ በተመሳሳይ መንገድ ሊታሰብ ይገባል። ባሕር ዳር ፍሳሿን ማጣራት አለባት ማለት ደግሞ ከዚህ ክርክር ጋር ይሄዳል እንጂ አይጣላም፤ ባሕር ዳርም በተራዋ ለታችኛው አገር የላይኛው ተፋሰስ ናት። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ ጳጉሜን 2017 ወደተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የሚሄድ ነውና፣ «ላይኛው አገር ይጠንቀቅ» የሚለው ቃል ከሰከላ ጀምሮ ለባሕር ዳርም ይደርሳታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀሳውስትና ምዕመናን የሚያነሡት ነው። ግሽ የጸሎት ቦታ ነው፤ ካሜራ ያንጠለጠለ መንጋ ከመጣ ጠበሉ ክብሩን ያጣል ይላሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ምንጩን እንደ ፏፏቴ ቲኬት እየቆረጡ መሸጥ አይገባም። ያለውን ሥርዓት ማክበር ግን ይቻላል፤ ጫማ ይወልቃል፣ የበላ ከጠበሉ ይርቃል፣ ፎቶ የሚፈቀድበት ቦታ ይለያል። የጣና ገዳማት ለብዙ ዓመታት የባዕድ ጎብኚ ሲያስተናግዱ ሥርዓታቸውን ጠብቀው ኖረዋል፤ ሴት ወደ ክብራን አትገባም፣ ይህን ያልወደደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሥርዓት ያለው ቦታ ጎብኚን አይፈራም።

አራተኛው ተቃውሞ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ነው፤ የሰላም ጉዳይ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዶችን ዘግቷል፣ ጎብኚን አርቋል፣ ሰው ቤቱን ለቅቆ እንዲሄድ አድርጓል። በዚህ ጊዜ ስለ ሽርሽር መጻፍ ለብዙ ሰው ጊዜውን ያልጠበቀ ይመስላል። ሽርሽሩ ራሱ ሊዘገይ ይችላል፤ አፈሩ ግን በየክረምቱ ይታጠባል። በሰላም እጦት ምክንያት እርከኑ ሳይጠገን ያለፈ እያንዳንዱ ዓመት ሐይቁ ላይ ይጻፋል። ሰላም ሲመጣ ጎብኚው ተመልሶ ይመጣል፤ ጥያቄው ያኔ ሲመጣ የሚያገኘው ሐይቅ ምን ዓይነት ይሆናል የሚለው ነው። መሰናዶው ሰላም ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት መታሰብ ያለበትም ለዚህ ነው።

ከዳርቻው ወደ ተራራው

መሠራት ያለበት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ ወንዙ ማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ምልክትና መኪና ቆም የሚልበት ቦታ ቢኖር፣ በየቀኑ የሚያልፈው ተሳፋሪ ቢያንስ ቀና ብሎ ያያል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ተማሪዎች ባሕር ዳርን ሲጎበኙ ጉዟቸው በሰከላ ቢያልፍ ጂኦግራፊውን ከመጽሐፍ የበለጠ ይማራሉ። ጣና በሰኔ 2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ የታሰበው ሐይቁ ብቻ አልነበረም፤ በዙሪያው ያለው ሰውና መሬትም አብሮ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚሆን መዋቅር ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም፤ ያለውን ማሠራት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ገንዘብ ነው የሚናገረው። ከጀልባ ትኬት፣ ከሆቴል አልጋና ከኃይል ማመንጫው ገቢ ጥቂቷ ተነሥታ እርከኑን ለጠገነው፣ ችግኙን ላሳደገው፣ የወንዙን ዳር ከማረስ ለታቀበው ገበሬ ብትደርስ፣ ሥራው የግዳጅ መሆኑ ቀርቶ ገቢ ይሆናል። ዲከረንስን ማንም ሳያዘው የተከለ ገበሬ እንዲህ ያለውን ሥራ እንደማይጠላ አሳይቷል። ገንዘቡ ወረዳ ላይ ተበልቶ ይቀራል የሚል ጥርጣሬ ይነሣል፤ ጥርጣሬው ከልምድ የመጣ ነውና በቀላሉ መናቅ አይገባም። ለዚያ ነው ክፍያው በማሳው ላይ ከሚታይ ሥራ ጋር መያያዝ ያለበት፤ ተቆጥሮ ያልታየ እርከን አይከፈልበትም፤ የታየውን ደግሞ ማንም ሊደብቀው አይችልም።

ባሕር ዳር ለምዕራብ ጎጃም ሰው ዳርቻዋን ትሰጠዋለች፤ የምዕራብ ጎጃም ተራራ ደግሞ ለባሕር ዳር ውሃዋን ይሰጣታል። ይህ ልውውጥ እስካሁን ሒሳቡ አልተወራረደም። ጎብኚው ለጀልባው፣ ለዓሣውና ለአልጋው የሚከፍለው ውስጥ የእርከኑ ዋጋ እስካልገባ ድረስ የሽርሽሩን ግማሽ ዋጋ ብቻ ነው የከፈለው፤ ቀሪውን ግማሽ በዶማው የሚከፍልለት አንድም ቀን ሐይቁ ዳር ሊቀመጥ ያልቻለ የሰከላ ገበሬ ነው።